ስፔሻሊስቱ በስልክ፣ ልጁ በጤና ጣቢያ፦ የታዳጊዎችን የአእምሮ ሕመምና ሱስ ከርቀት ማከም በወሎ እንዴት ይሆናል?

ከደላንታ፣ ከወግዲ ወይም ከከላላ ልጁን ይዞ ደሴ የሚመጣ ወላጅ የሚያወጣው የመኪናና የአልጋ ብር ብቻ አይደለም። የሥራ ቀኑ ይባክናል፣ ልጁም ከትምህርት ይቀራል፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ሄዶ መቅረትም አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን "የእገሌ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሄደው?" የሚለው የጎረቤት ጥያቄ ነው። ለእግር ስብራት የሄደ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል። ለድብርት ወይም ለሱስ የሄደው "ዘመድ ልንጠይቅ ነው" ብሎ ይሸፋፍናል። ስለዚህ ብዙው አይሄድም። ልጁ ወይ ጠበል ይወሰዳል፣ ወይ ሼሁ ዘንድ ዱዓ ይደረግለታል፣ ወይ ደግሞ "ጉርምስና ነው፣ ይተወዋል" ይባላል። ጠበሉም ዱዓውም ለቤተሰቡ ትልቅ ብርታት ነው፤ ሕክምናው ከእነሱ ጎን ለጎን መሄድ ሲችል ሳይጀመር ዓመት ሁለት ዓመት ማለፉ ነው የሚጎዳው።

የርቀት ሕክምና ወይም ቴሌሜዲስን ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ብዙ ይወራለታል። ቴሌሜዲስን ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው፣ ልጁ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስማርት ስልኩ ከአዲስ አበባ ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር ነው። ፒያሳ አካባቢ ለሚኖር የደሴ ልጅ ይህ ሊሠራ ይችላል። ለወሎ ገጠርና ለትናንሽ ከተሞች ግን ከዚህ መጀመር ያለብን አይመስለኝም። የሚያዋጣው ሦስት ሰው ያለበት አሠራር ነው፦ ልጁ፣ አጠገቡ የተቀመጠ የጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ በስልኩ ጫፍ ደግሞ ስፔሻሊስቱ።

ነገሩ ከባለሙያ እጥረት ይነሳል። ለረጅም ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። የአእምሮ ሐኪምን በስፔሻሊቲ ደረጃ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ቢጨምርም ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ኢምንት ነው፤ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የሠለጠኑት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ 7 ልጆች መካከል አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አንድ ስፔሻሊስት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አዲስ ታዳጊ በወጉ ቢያይ ነው። በዚያው ሰዓት ግን ከሦስት ወይም ከአራት ጤና ጣቢያዎች ባለሙያዎች ጋር ስለየታካሚዎቻቸው ሊመክር ይችላል። የርቀት ሕክምና ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህን አሠራር ደግሞ ድሃ አገር ሆነን የፈጠርነው መፍትሔ አድርገን ማየት የለብንም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ የልጆች ሳይካትሪ የስልክ አገልግሎት አለ። የሠፈር ሕፃናት ሐኪም "ይህ ልጅ ከበደኝ" ብሎ ሲደውል የልጆች የአእምሮ ሐኪም በ30 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ያገኘዋል። ሕክምናውን የሚቀጥለው ልጁን የሚያውቀው የሠፈሩ ሐኪም ነው። እዚያም ምክንያቱ የስፔሻሊስት እጥረት ነበር። እኛ ጋ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው፣ ኤምኤችጋፕ የሚባለው ሥልጠና አለ። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሳይኮሲስን (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) እንዲሁም የአልኮልና የዕፅ ችግርን እንዲለዩና እንዲያክሙ የሚያዘጋጅ ነው። ሥልጠናውን የወሰደ ሰው ብቻውን ሲቀር ግን ይፈራል፤ "ብሳሳትስ?" ይላል። ከጀርባው የሚደውልለት ሰው ካለ አይፈራም።

አሁን አንድ ጉዳይ ወስደን ከቅርብ እንየው። ልጁ የ17 ዓመት፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው እንበል። እናቱ ያመጣችው ለጨጓራና ለራስ ምታት ነው። እንቅልፍ የለውም፣ ከታናናሾቹ ጋር ይጣላል፣ ከኳስ ሜዳም ቀርቷል። እዚህ ላይ ወላጆችና መምህራን የሚስቱት ነገር አለ። ታዳጊ ሲደበር ሁልጊዜ አያለቅስም፣ አንገቱንም አይደፋም። ብዙ ጊዜ ድብርቱ የሚወጣው በቁጣ፣ በነጭናጫነት፣ "ተዉኝ!" በማለት ነው። ቤተሰቡ "ባለጌ ሆነ" የሚለው ልጅ ታሞ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዋ የመጀመሪያ ሥራዋ እናትየዋን ማክበርና ከክፍሉ ማስወጣት ነው። "እናቴ፣ ትንሽ ውጭ አረፍ ይበሉልኝ፤ በኋላ አብረን እናወራለን" ትላለች። በሩ ሲዘጋ ለልጁ ደንቡን ትነግረዋለች፦ የሚነግራትን ለማንም አታወራም፤ ሕይወቱን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ግን ዝም አትልም። ይህ ቃል ቀድሞ ካልተነገረ ልጁ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ብቻ ነው።

ከዚያ መጠይቅ አለ። ለታዳጊዎች ሱስ ከሚያገለግሉት መካከል ክራፍት የሚባለው በስድስት ጥያቄ የሚያልቅ ነው፤ የተዘጋጀው ቦስተን ውስጥ ነው። ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ በሚነዳ ሰው መኪና ተሳፍረህ ታውቃለህ? (እኛ ጋ ባጃጅና ሞተር ቢባል ይቀርባል።) ዘና ለማለት ወይም ከሰው ጋር ለመመሳሰል ብለህ ትወስዳለህ? ብቻህን ሆነህስ? ወስደህ ያደረግኸውን የረሳህበት ጊዜ አለ? ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ቀንስ ብሎህ ያውቃል? በዚሁ ምክንያት ችግር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ሁለትና ከዚያ በላይ "አዎ" ካለ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልጃችን ለአራቱ አዎ አለ፣ ጫት እንደሚቅምም ተናገረ እንበል።

እሷ እዚያው ሆና ወደ ደሴ ትደውላለች። ስልኩ ላውድ ላይ ይደረጋል፣ ልጁም እየሰማ ነው። ስፔሻሊስቱ "መቼ ጀመርክ? ለምን አትተውም?" ብሎ አይገባም። የሚጠይቀው "ጫቱ ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ነው። ልጁ ይገረማል፤ እስከዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። መልሱም ይመጣል፦ ሲቅም ያጠናል፣ ይጫወታል፣ ከጓደኞቹ እኩል ይሆናል። ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ጨብሲ አለ፤ አረቄ ወይም ቢራ። ጠዋት ተነስቶ ክፍል መግባት ያቅተዋል፣ ከቀትር በኋላ ሀራራው ይመጣል፣ ደግሞ ይቅማል።

"ለመቀነስ ያለህን ዝግጁነት ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?"

"አራት።"

"ለምን ሁለት አልሆነም?"

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዲሁ የተወረወረች አትምሰላችሁ። "ለምን ስምንት አልሆነም?" ቢባል ልጁ ሰበብ ይደረድር ነበር። "ለምን ሁለት አልሆነም?" ሲባል ግን ለመተው የሚያነሳሱትን ምክንያቶች ራሱ ይዘረዝራል፦ ማትሪክ እየደረሰ ነው፣ እናቴ አለቀሰች፣ ደረቴን ይመታኛል። ሰው ከሌላ ሰው ከሰማው ምክር ይልቅ ከራሱ አፍ የወጣው ይይዘዋል። ለሱስ ሕክምና ከሚውሉት ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው፤ መሣሪያው ጥያቄ ብቻ ስለሆነ በድምፅ ጥሪም ይሠራል። አስተሳሰብንና ባህሪን በደረጃ የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምናም ለድብርትና ለጭንቀት በስልክና በቪዲዮ ሲሰጥ ብዙ ጥናቶች ውጤቱን ከአካል ምክክሩ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል።

ስለ ጫቱ አንድ ነገር ልጨምር። ወሎ ውስጥ "ጫት ክፉ ነው" ብሎ መጀመር በር ይዘጋል። አባቱና አያቱ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ሲቀመጡ ጫት እንዳለ ልጁ እያየ ነው ያደገው። ከአዲስ አበባ የሚደውል ስፔሻሊስት ይህን ካላወቀ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጁንም አባቱንም ያስቀይማል። ሽማግሌው በዱዓ ላይ የሚይዛት ጥቂት ቅጠልና የ17 ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ጋ ተዘግቶ በየቀኑ የሚቅመው፣ በአረቄ የሚሰብረው ጫት እኩል አይመዘኑም። አጠገቡ ያለችው የአገሩ ባለሙያ የምትጠቅመው አንዱ እዚህ ላይ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ያልገባውን እሷ ትተረጉምለታለች።

ድብርቱ ነው ሱሱን ያመጣው ወይስ ሱሱ ድብርቱን? ቤተሰብ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚገኙ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው አያዋጣም። ጫት ያቆመ ልጅ ለተወሰኑ ቀናት ድብት ይላል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ዱካክ (ቅዠት) ያስቸግረዋል። ይህ ያልፋል። መደበሩ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀው፣ ወይም ከጫቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑ ያጠራጥራል። ይህን ለመለየት አንድ ቀን ማየት አይበቃም፤ ተደጋጋሚ አጭር ጥሪ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ደሴ መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ የ15 ደቂቃ ስልክ ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒት ከታዘዘም ነገሩ ያው ነው። የድብርት መድኃኒቶች ጥቅማቸው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህ መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆችና ታዳጊዎች ላይ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊጨምሩ እንደሚችሉ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል፤ በ2007 ደግሞ ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት አስፍቶታል። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይሰጥ ማለት አይደለም፣ ሰጥቶ መጥፋት አይቻልም እንጂ። ክኒን ሰጥቶ "ከሦስት ወር በኋላ ና" ከማለት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ ደውሎ "እንዴት ነህ?" ማለት ይሻላል።

በስልክ የማይሆነውንም በግልጽ እንነጋገር። ዋናው የአልኮል ማቆም ነው። በየቀኑ በብዛት አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው፣ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ ሊያቃዠው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየውና ሊገድለው ይችላል። በታዳጊ ላይ ከአዋቂ ያነሰ ቢያጋጥምም አለ። "ቤት ቆልፌበት አስተወዋለሁ" የሚል አባት ልጁን ለአደጋ እያጋለጠ ነው፤ ይህ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ነው። ጫት ማቆም ግን እንዲህ ያለ አደጋ የለውም፣ ቤት ሆኖ በስልክ ክትትል ይቻላል። ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ያሳድደኛል የሚል፣ ምግብና ውሃ የተወ፣ ራሱን የጎዳ ልጅም ስልክ አይጠብቅም፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብን በተመለከተ ብዙ ሰው "ከጠየቅኩት አስታውሰዋለሁ" ብሎ ይፈራል። አይደለም፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ እንዲያውም ልጁን ያሳርፈዋል። ከርቀት የሚያክም ባለሙያ ይህን የመጠየቅ ግዴታ አለበት። መልሱ "አዎ" ከሆነም ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የሚወስደው እርምጃ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት፦ ልጁ ብቻውን እንዳይሆን፣ የሰብል ፀረ ተባይ፣ የጦር መሣሪያና የተከማቸ ክኒን ከእጁ እንዲርቅ፣ የሚወሰድበት ሆስፒታልና የሚያመላልሰው ሰው እንዲታወቅ።

ልጁ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያለው ክትትል ሌላ ችግር አለው፤ ስልኩ የማን ነው? በብዙ ቤት ያለው አንድ የአባት ስልክ ነው። ቤቱም አንድ ክፍል ነው። ልጁ "አሁንም ትቅማለህ?" ሲባል አጠገቡ አባቱ ካለ ምን ይመልሳል? ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሲደውል መጀመሪያ "አሁን የት ነህ? ሰው አለ አጠገብህ?" ይላል። መስመሩ ቢቋረጥ በማን ስልክ እንደሚደወል ቀድሞ ይመዘገባል። አንድ የሚያዋጣ ዘዴ አለ፤ ሰው ሲገባ ልጁ "ፈተናው መቼ ነው?" እንዲል መስማማት። ያን ሲሰማ ባለሙያው ወሬውን ወደ ትምህርት ያዞረዋል። በጽሑፍ መልእክት የምርመራ ስም መላክ ክልክል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ "ነገ 4 ሰዓት ቀጠሮ አለህ" ይበቃል። ከዓረብ አገር ተመልሰው ያዩትን ግፍ ለማንም መናገር ላቃታቸው የሐይቅና የሐርቡ ልጃገረዶች ደግሞ ይህ ምስጢር የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። የሚያነጋግራቸው ባለሙያ ሴት እንድትሆን ከፈለጉ ያም ሊከበርላቸው ይገባል።

ቪዲዮስ? እናቶቻችን ልጆቻቸውን ሳዑዲና ቤሩት በኢሞ እያዩ ስለሚያወሩ የቪዲዮ ጥሪ ወሎ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ መስመሩ ነው። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዳታ ይፈልጋል፤ ምስሉ ሲቆራረጥ ደግሞ ልጁ በጭንቅ የጀመረውን ወሬ ይተወዋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ስልክም ጠፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ሕክምና እዚህ አገር አንድ ማለዳ ድንገት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው በተራ የድምፅ ጥሪ እንዲሄድ መታቀድ አለበት፣ ቪዲዮ ሲገኝ ይጨመራል። የታካሚው ካርድም በወረቀት ጤና ጣቢያው ውስጥ ይኑር፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ስፔሻሊስቱ ስልክ ውስጥ ብቻ ተጽፎ መቅረት የለበትም።

ማንም ተነስቶ በቴሌግራም "የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ" በሚልበት ጊዜ ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም አሉ። የሙያ ፈቃድህን አሳየኝ። የት ነው የምትሠራው? ልጄ ቢብስበት ወደየት ትልከዋለህ? ልጁን ሳያይ እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ወይም እንደ ትራማዶል ያለ ጠንካራ ማስታገሻ በስልክ ለማዘዝ የሚቸኩል ሰው ካለ ራቁት። አሜሪካኖች ይህን በሞት ነው የተማሩት። ካሊፎርኒያ የነበረ ራያን ሄይት የሚባል የ18 ዓመት ወጣት አንድም ሐኪም በአካል ሳያየው በኢንተርኔት የታዘዘለትን ማስታገሻ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሞተ። በ2008 የወጣው ሕግ በስሙ የተጠራ ሲሆን፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች በኢንተርኔት ለማዘዝ ሐኪሙ አስቀድሞ ታካሚውን በአካል እንዲያይ አስገደደ። በኮሮና ጊዜ ላላ ተደርጓል፣ ክርክሩ ግን እስካሁን አላለቀም።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። በትምህርት ቤት አጥር ሥር አረቄ የምትቀዳ ባልቴት ግን ስለ አዋጁ የሰማች አይመስለኝም፤ ብትሰማም የምትኖርበት ሌላ ገቢ የላትም። ስልክ ይህን አይፈታም። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሌለበትን፣ ጫት ቤት እንጂ ቤተ መጻሕፍት የሌለበትን ሠፈርም አይቀይርም።

የቀረው የቀጠሮ ነገር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ቤተሰብ የሚጠቀመው ጤና ጣቢያ ገብቶ ሲታከም ነው። የስፔሻሊስቱ ጥሪ ጤና ጣቢያው ውስጥ በተራ ቀጠሮ ከሆነ ልጁ እንደማንኛውም ታካሚ ካርድ አውጥቶ ይገባል፤ "አእምሮ ክፍል" የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍም አያስፈልግም። ቀኑን ደግሞ ከገበያ ቀን ጋር ማግጠም ይቻላል። ባቲ ሰኞ ነው፤ ሌላውም ወረዳ የራሱ ቀን አለው። በዚያን ቀን እናትና ልጅ ወደ ከተማ ሲወጡ ማንም "የት ነው?" አይልም። ጥሪው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያዝ፣ ገበያተኛው ከመመለሱ በፊት ልጁ ባለሙያዋን አግኝቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ እናቱም ጨውና በርበሬዋን ሸምታ አብረው ይመለሳሉ።